ሐዘንተኛዋ አህያና እያወቁ ዝም ያሉት ጎረቤቶቿ

አንድ ጊዜ፣ ከገደል ሥር ምንጭ በሚፈልቅበትና ሜዳው እስከ ወንዙ ዳር በሚዘልቅበት አንድ ቀዬ፣ ዳለቻ የምትባል አህያ ከባሏ ከቡላ ጋር ትኖር ነበር። ቡላ ድምፁ ሻካራ፣ ጠባዩ ለስላሳ ነበር። ነፋስ ሲነሣ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ይቆማል፤ ዳለቻም ከጎኑ ተጠግታ ሳይበርዳት ትተኛለች። ለምን በዚያ በኩል እንደሚቆም አንድም ቀን ነግሯት አያውቅም። እሷም ጠይቃው አታውቅም።

በዚያ ዓመት ዳለቻ አረገዘች። የምትወልደው በጋው ከርሮ፣ ሣሩ ዐመድ መስሎ፣ ዝናቡ ገና ሳይደርስ ነው። ቡላ ይህን ሲያስበው እንቅልፍ አጣ። ገበሬዎቹ አጭደውና ወቅተው እስኪገቡ እየጠበቀ፣ ከየማሳው ቃርሚያ፣ ከየአውድማው ጥራጊ እየለቀመ ገብሱን በስልቻ ይሞላል። ስልቻውንም ጭኖ በቀጭኑ የገደል መንገድ ወደ ዋሻቸው ያወጣል።

«ይበቃል እኮ ቡልዬ» ትለዋለች።

«ላንቺ ይበቃል። ሆድሽ ውስጥ ያለው ግን ስንት እንደሚበላ ማን ያውቃል? የኔ ልጅ ከሆነ ሆዳም ነው» ይልና ተመልሶ ይወርዳል።

የመጨረሻውን ስልቻ ጭኖ ሲወጣ መንገዱ ከእግሩ ሥር ተናደ። ዳለቻ ከዋሻው አፍ ቆማ የድንጋዩን መንኳኳት ሰማች። ከዚያ በኋላ ምንም አልሰማችም። ወደ ገደሉ እንዳትወርድ ሆዷ ከበዳት። ከላይ ሆና ጮኸች፤ የተመለሰላት የራሷ ጩኸት ብቻ ነበር።

በነጋታው ለቅሶ ደራሽ መጣ። በለቅሶ ቤት ማንም ማንንም እንዳይነካ የጌታው የአንበሳ ሕግ ስለነበረ፣ ሥጋ በሉም ሣር በሉም እኩል ገባ። ከሁሉ ቀድሞ የደረሰው አያ ጅቦ ነበር፤ አፉን በሣር እየጠረገ። ገና ከሩቁ ደረቱን እየደቃ ሙሾውን ለቀቀው፦

«ወይ ወንድሜ ቡላ፣ ወይ ወንድሜ ቡላ፣
ሆዴን ባር ባር አለኝ ከበላሁ በኋላ!»

እመት ፍየል ከበግ ጋር ተያየች። በግ ዐይኑን መሬት ላይ ተከለ። ዳለቻ ግን ሐዘን ባደነዘዘው ጆሮዋ የሰማችው «ወንድሜ» የሚለውን ቃል ብቻ ነበርና ልቧ ተነካ።

«አያ ጅቦ፣ ባሌን እንዲህ ትወደው ነበር?»

«እንዴት አልወደው! ከኮቴው እስከ ጆሮው ነው እንጂ!»

«ገደል ውስጥ ወድቆ መቃብር እንኳ አላገኘም እኮ።»

«እሱን አታስቢ፤ እኔ ጨርሼዋለሁ።»

ከኋላ ቆሞ የነበረው ቀበሮ ፈጠን ብሎ ጉሮሮውን ጠረገ። «አያ ጅቦ ቀብሬዋለሁ ማለቱ ነው። ሐዘን ምላሱን አሰረው። እግዜር ያጽናሽ፣ እመት ዳለቻ።» ይህን እያለ ዐይኑ ወደ ዋሻው ውስጥ አለፈ። በግድግዳው ሥር የተደረደሩትን ስልቻዎች አየ።

ዳለቻ ለቅሶ ቤት ምን እንደሚደረግ አታውቅም ነበር። ውርንጭላ ሳለች ከእናቷ ጉያ ተነጥቃ ለሲራራ ነጋዴ የተሸጠች ናት። በሲራራ መንገድ አህያ ቢሞት የሚያለቅስ የለም። ጭነቱ ይወርድና ለቀሩት ይከፋፈላል፤ ጅራፍ ይጮኻል፤ ጉዞው ይቀጥላል። ከዚያ አምልጣ ይህን ቀዬ ካገኘች በኋላም ለቅሶ የሚሄደው ቡላ ነበር። «አንቺ ቤት ጠብቂ» ይላታል፤ ትጠብቃለች። እንዲህ እንዲህ እያለ፣ አገር ሁሉ ከእናቱ ጡት ጋር የጠባውን ነገር እሷ ሳታውቀው ራሷ እናት ልትሆን ደረሰች።

እንግዶቹ ክብ ሠርተው ሲቀመጡ ዳለቻ መሐል ቆማ ቀረች። የት እንደምትቀመጥ፣ ምን እንደምትል ግራ ገባት። ወደ ቀበሮ ጠጋ ብላ፣ «አያ ቀበሮ፣ አሁን እኔ ምን ላድርግ?» አለችው በሹክሹክታ።

ቀበሮ ጆሮውን አቆመ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ከአዋቂ አፍ ሰምቶ አያውቅም። ወዲያው ዐይኑ ብልጭ አለ።

«መቼም» አለ እያጤናት፣ «ሐዘንተኛ ለቅሶ የመጣውን ሁሉ እንደምታበላ ሳታውቂ አትቀሪም?»

የዳለቻ ጆሮዎች ከኀፍረት የተነሣ ጋሉ። የዚህን ጊዜ «አላውቅም» ብትል ኖሮ ነገሩ ሁሉ ሌላ ይሆን ነበር። ግን በጎረቤት ሁሉ ፊት፣ በዚያ ዕድሜዋ፣ በዚያ ቀን፣ «አላውቅም» ማለት ከሞት በላይ ሆነባት።

«እንዴታ! እንዴት አላውቅም!» አለች።

«ይባርክሽ! እንግዲያው ሌላውንም ታውቂዋለሽ። አስለቃሹ ገብሱ ሲያልቅ ባዶውን ስልቻ ይወስዳል። ለቅሶውን የሚመራው ደግሞ ከውስጥ፣ ከሙቁ ቦታ ይተኛል። ሐዘንተኛዋ ከደጅ።»

«አውቃለሁ፣ አውቃለሁ» አለች ዳለቻ።

ከዚያም የመጀመሪያውን ስልቻ በጥርሷ ጎትታ አወጣችና በእንግዶቹ ፊት አፈሰሰችው።

በዚያ ቀዬ ደንቡ የታወቀ ነው። ሐዘንተኛ ትበላለች እንጂ አታበላም። ጎረቤት ካፈራው ይዞ ይመጣል፤ አፏን በግድ ያስከፍታታል። ከዳለቻ በቀር ይህን የማያውቅ አልነበረም። ስለዚህ ገብሱ ሲፈስ ክቡ ሁሉ ጸጥ አለ። እመት ፍየል አፏን ከፈተች፤ ልትናገር ነበር። የገብሱ ሽታ ግን በአፍንጫዋ ገባና አፏን በሌላ ነገር ሞላችው። ፍየል ስትበላ በግም በላ። በግ ሲበላ ከርከሮም በላ። አያ ጅቦ ባዶውን ስልቻ ከነጠፍሩ ዋጠው። የማን ቆዳ እንደሆነ ፍየል አልጠየቀችም።

ለቅሶው በማግስቱም ቀጠለ። በሳልስቱም ቀጠለ። ከዚያ በፊት ቡላን በመንገድ ሲያዩት ሰላምታ የነፈጉት ሁሉ እንባቸውን እያበሱ መጡ። ዳለቻ ትሰፍራለች፤ እነሱ ይበላሉ፤ ጅቦ ያለቅሳል። ቀበሮ ከዋሻው ውስጥ፣ ቡላ ይተኛበት በነበረው ድርቆሽ ላይ ተጋድሞ፣ «ለከርከሮ ጨምሪለት እንጂ፣ ዛሬ ከልቡ ነው ያለቀሰው» ይላል። ሲመሽ እሷ ደጅ ትቆማለች። ነፋሱ እንደ ልቡ ያገኛታል።

ስልቻዎቹ እያነሱ ሲሄዱ፣ በሆዷ ያለው ደግሞ እየገፋ ሲመጣ፣ ልቧ ይፈራ ጀመር። አንድ ረፋድ ከምንጩ ዳር እመት ፍየልን ብቻዋን አገኘቻት።

«እመት ፍየል፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነበር።»

«ጠይቂኝ፣ እታለም።»

ዳለቻ ውኃውን በአፍንጫዋ ገፋ ገፋ አደረገችው። ልትጠይቅ የፈለገችው፣ «እንዲህ ነው ወይ ደንቡ?» ብላ ነው። ግን ጥያቄው ከአፏ ሲወጣ ቅርጹን ለወጠ።

«ለቅሶ እስከ መቼ ነው የሚቆየው? ማለቴ... በናንተ ዘንድ?»

ፍየል ጺሟን ነቀነቀች። ነገሩ ገብቷታል። የነገው ገብስም ትዝ ብሏታል።

«እንደ ሐዘንተኛዋ ፍቅር ነዋ! ባሏን የምትወድ ብዙ ትቀመጣለች፤ የማትወድ ቶሎ ትነሣለች።»

ዳለቻ ተመልሳ ሄደችና ሌላ ስልቻ ፈታች።

ከለቅሶ ደራሾቹ ሁሉ ኋላ የመጡት እማሆይ ኤሊ ናቸው። መርዶውን የሰሙት ከሁሉ እኩል ነበር። የተነሡትም ያን ዕለት ነው። ግን የእሳቸው እርምጃ የታወቀ ነው፤ ሜዳውን አቋርጠው ገደሉን ሲወጡ ሣሩ ከአረንጓዴ ወደ ቢጫ ተለወጠ። በጀርባቸው ላይ በሐረግ የታሰረች አንዲት እፍኝ የማትሞላ ጉዝጓዝ ሣር ይዘው ነበር። በመንገድ ደርቃለች፤ ግን አልጣሏትም።

ያን ቀን እንግዶቹ ገና አልተሰበሰቡም። ዳለቻ የመጨረሻውን ስልቻ ከፊቷ አድርጋ እያየችው ቆማለች።

«እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ ልጄ። ቡላ ደግ ነበር» አሉ እማሆይ፤ እያለከለኩ ሣሯን ከእግሯ ሥር አወረዱ። «ደርቃለች፤ ይቅርታ አድርጊልኝ። አንድ ጊዜ እንኳ ጉረሺልኝ።»

«ይግቡ እማሆይ። ቆይ ገብስ ላፍስስልዎ።»

«የምን ገብስ?»

«ለለቅሶ የሚበላውን።»

እማሆይ ኤሊ አንገታቸውን ከቅርፊታቸው ውስጥ እስከ መጨረሻው አወጡ። «ሐዘንተኛ ታበላለች እንዴ? ማነው ይህን ያለሽ?»

«አያ ቀበሮ። ሁሉም... ሁሉም በልተዋል እኮ።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም። እመት ፍየል፣ በግ፣ ከርከሮ። በየቀኑ።»

እማሆይ ሣሯን ወደ እሷ ገፋ አደረጉላት። ከዚያ በቀስታ፣ አንዲት ቃል ሳይደብቁ፣ ደንቡን ነገሯት። ሐዘንተኛ እንደምትመገብ፣ ጎረቤት እንደሚያመጣ፣ ከሙቁ ቦታ የምትተኛው እሷ እንደሆነች፣ ማንም ከቤቷ አንዲት ፍሬ ማውጣት እንደሌለበት።

ዳለቻ የሰማችውን መዋጥ አቃታት። ቡላ ወደ ለቅሶ ሲሄድ ትዝ አላት። ሁልጊዜ ትንሽ ስልቻ ሞልቶ ይወጣል፤ ባዶውን ይዞ ይመለሳል። እሷ ደግሞ በልቧ ትስቅበት ነበር፤ «ይህ ሆዳም፣ መንገድ ላይ ጨረሰው» እያለች። ለካ ለሐዘንተኞቹ ነበር! ለፍየል እናቷ የሞተች ጊዜ ወስዷል። ለበግ ወንድሙ የሞተ ጊዜ ወስዷል።

«ምን አለበት አንድ ቀን ብትነግረኝ!» ብላ በባሏ ላይ ጮኸች፤ በገደሉ አፍ ቆማ፣ ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በቁጣ። ድምፁ ገደሉን መታው፣ ተመልሶም መጣ። ከዚያ ቁጣዋ ቡላን ትቶ ሌላ ቦታ ፈለገ። ቦታውንም አላጣውም።

ያችኑ የመጨረሻ ስልቻ በጀርባዋ ጫነች፤ በሰፊው መንገድ ዞራ ወረደች፤ ጌታው አንበሳ ወደሚያስችልበት አለት እያናፋች ሄደች። የሰማ ሁሉ ምን መጣ ብሎ ተከተላት።

አንበሳ በአለቱ ላይ ተንጋሎ ፀሐይ ይሞቅ ነበር። «ምን ሆነሽ ነው አገር የምታውኪው?»

«ተዘርፌ ነው፣ ጌታዬ።»

«ማን ዘረፈሽ?»

«ለቅሶ የደረሱኝ።»

ቀበሮ ከሕዝቡ መሐል ሾልኮ ወጣና እጅ ነሣ። «ጌታዬ፣ ከስልቻዋ አንዲት ፍሬ የነካ የለም። ራሷ እየፈታች፣ ራሷ እያፈሰሰች፣ 'ስለ ቡላ ብሉ' ብላ ስትለምነን ሰነበተች። እምቢ ማለት ነውር ሆኖብን በላን። ይመስክሩ!»

«እውነት ነው» አለ ከርከሮ።

«እውነት ነው ወይ?» አለ አንበሳ ወደ ዳለቻ ዞሮ።

«እውነት ነው። ሐዘንተኛ ታበላለች ብሎኝ ነው።»

አንበሳ ተነሥቶ ተቀመጠ። መጀመሪያ ቀልድ መሰለው። ከዚያ ጎፈሩ መርገፍገፍ ጀመረ። «ሐዘንተኛ ታበላለች? በዚህ ዕድሜሽ? የምትወልጅ ሴት ሆነሽ ይቺን አታውቂም?» ብሎ ሳቁን ለቀቀው። እሱ ሲስቅ ሁሉም እስካሁን አፍኖት የቆየውን ሳቅ ለቀቀ። በግ ተንፈራፈረ። ፍየል እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ከርከሮ ደግሞ፣ «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ሲባል አልሰማሽም?» ብሎ ጮኸ፤ ሳቁም እንደ አዲስ ተነሣ።

ዳለቻ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች ነበር። እግሯ ወደ ኋላ አለ። የዚያን ጊዜ በሆዷ ያለው ተራገጠ። እግሯን መልሳ አጸናች።

«ሰምቻለሁ!» አለች። እንደዚያ ያለ ድምፅ ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። «ያን ተረት የተረተው ግን ቡላን አያውቀውም። እሱ በሕይወት ሳለ ጅብ ደጄን ረግጦ አያውቅም። ዛሬ የገባው እናንተ በር ይዛችሁለት ነው! አዎ፣ አላወቅሁም። እናንተ ይህን እያወቃችሁ ነው የተወለዳችሁት? እናታችሁ ነግራችሁ ነው! እኔን እናቴ ሳትነግረኝ ሸጡኝ። በዚህ ምን የሚያስቅ አለ?»

ሳቁ ሳሳ። አያ ጅቦ ግን ስሙ በክፉ መነሣቱ ከነከነው። ከቀበሮ ጥቅሻ ቀድሞ ወደ ፊት ተንደረደረ።

«እኔን ደግሞ ምን አድርግ ትይኛለሽ? ለቡላ ያላደረግሁት ምን አለ? አጥንቱን እንኳ ሜዳ ላይ አልተውሁም! አንዲት ሳትቀር ጨርሻታለሁ! እነሱ ይመስክሩ፤ ከላይ ቆመው ሲያዩኝ ነበር!»

ቀበሮ ዐይኑን ጨፈነ።

ከዚያ በኋላ የሳቀ አልነበረም።  ዳለቻ ፊቷን ወደ ጎረቤቶቿ መለሰች። አንድ በአንድ አየቻቸው። እነሱ ግን የሚያዩት የየራሳቸውን ኮቴ ነበር።

«ይህንንም ታውቁ ነበር?»

በግ ከከርከሮ ኋላ ተሸሸገ።

«ባሌን የበላ አፍ 'ወንድሜ' እያለ ሲያለቅስልኝ፣ እኔም እንባዬን ጠርጌ ሳመሰግነው፣ እናንተ ታውቁ ነበር? ጅብስ ጅብ ነው። ቀበሮም ቀበሮ ነው፤ ከሱ ሌላ አልጠበቅሁም። እናንተ ግን ሣር ትበላላችሁ! ከእኔ ጋር ከአንድ ምንጭ ትጠጣላችሁ!»

«እኛ ምን አደረግን?» አለች ፍየል በቀጭን ድምፅ።

«ምንም! እሱን እኮ ነው የምልሽ። ምንም!»

ከዚያ ወደ አለቱ ዞረች። «እርስዎም ስቀዋል፣ ጌታዬ። ይሳቁ። ግን አንድ ነገር ያስቡልኝ። ይህ ሁሉ አፍ ከእኔ ይህን ያህል ከደበቀ፣ ከእርስዎ ስንት ደብቆ ይሆን?»

«ከእኔ?» አለ አንበሳ። «እኔ የማላውቀው ምን አለ?»

ከሕዝቡ መሐል አንድ ዝንጀሮ አሳለው። በግ ወደ ሰማይ አየ። ይህ አለመረጋጋት ከአንበሳ ዐይን አላመለጠም።

«ቀበሮ! የማላውቀው አለ?»

«ኧረ ጌታዬ! እርስዎ የማያውቁት ምን ተፈጥሮ!»

«ፍየል?»

«እኔ... እኔ ልጆቼን ላጥባ ብዬ ነበር፣ ጌታዬ።»

አንበሳ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥፍሩን አለቱ ላይ ፋቀ። ድምፁንም ዝቅ አድርጎ፣ «አንቺ ንገሪኝ» አላት ዳለቻን።

መሳቂያ መሆን ምን ያህል እንደሚያቃጥል ገና ከዳለቻ ጆሮ አልበረደም ነበር። ስለዚህ በአደባባይ አልተናገረችውም። ወደ አለቱ ወጣች፤ አፏን ወደ ጆሮው አስጠጋች።

«ጌታዬ፣ በየንጋቱ ያገሳሉ። ፀሐይ የምትወጣው በእርስዎ ትእዛዝ ይመስልዎታል። እኔ ግን በሲራራ ዘመኔ አንበሳ በሌለበት በረሃ ብዙ ተጉዣለሁ። እዚያም ይነጋል።»

አንበሳ አልተንቀሳቀሰም። «ይህን ማን ያውቃል?» አለ።

«ሁሉም፣ ጌታዬ።»

«ሁሉም?»

«ግልገሎች ሳይቀሩ። እርስዎ በዞሩ ቁጥር እያሾፉ ያገሱብዎታል።»

አንበሳ ቀስ ብሎ ወደ ሕዝቡ ተመለከተ። ሕዝቡ አንድ ላይ ጠበበ። «ፍርዱ ነገ ንጋት ላይ ነው» አለ። «ከዚህ የሚነቃነቅ እንዳይኖር!»

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ሁሉም ተደርድሮ ቆመ። አንበሳ በአለቱ ላይ ተቀምጧል። የማግሳቱ ሰዓት ደረሰ፤ አላገሳም። ከንፈሩን ነክሶ ምሥራቁን ያያል። የኮረብታው ጫፍ ቀላ። ከዚያ ፀሐይ፣ ማንም ሳይጠራት፣ እንደ ሁልጊዜዋ ብቅ አለች። አንበሳ ፊቱን ለአፍታ በእጁ ሸፈነ። ሲገልጠው የትናንቱ ሳቅ ከላዩ ላይ ጠፍቶ ነበር።

«ጅቦ» አለ፣ «ዛሬ ከወንዙ ማዶ ትሻገራለህ። ለቅሶ ቤት ደጃፍ ሁለተኛ እንዳላይህ።»

«ሳልበላ?» አለ ጅቦ። መልሱን ሳይሰማ ግን የአንበሳን ጥርስ አየና ውኃው ውስጥ ገባ።

«ቀበሮ፣ አንተ ደንብ ዐዋቂ ነህና ደንብ ልጨምርልህ። እነዚህ ሁሉ የበሉትን ገብስ በየተራ ይመልሳሉ። ያንን ገብስ በጀርባህ እየጫንክ ገደሉን የምታወጣው አንተ ነህ፤ ዝናብ እስኪጥል።»

«ጌታዬ፣ እኔ ፍሬ አልቀመስኩም!»

«ሌላው ሲያኝክ አንተ አርፈሃል፤ ለዚህ ነው ጉልበትህ ያልደከመው።»

ፍየል ወደ ፊት ወጣች። «ጌታዬ፣ እኔ እኮ አልሰረቅሁም። ሰጥታኝ ነው የበላሁት።»

«እሷ የሰጠችሽ ሳታውቅ ነው» አለ አንበሳ። «አንቺ የተቀበልሽው ግን እያወቅሽ ነው። እጥፍ ትመልሻለሽ።» ወደ ሁሉም ዞሮም ጨመረ፦ «እናንተ ሁሉ ደግሞ ስሙኝ። ከዛሬ ወዲያ እኔ የማላውቀው ነገር ካለ መጥቶ የሚነግረኝ እንጂ ከኋላዬ የሚያገሳብኝ እንዳይኖር!»

እንደተባለው ሆነ። ሁሉም በየፊናው ቃርሚያ ወጣ። ቀበሮ ስልቻ ተጭኖ፣ ምላሱን አውጥቶ፣ በየጠዋቱ ገደሉን ሲወጣ ታየ። ዳለቻ ገብሱን ትቀበላለች፤ አመሰግናለሁ ግን አትልም። የራሷ ነበርና። ስትተኛም ከውስጥ፣ ከቡላ ድርቆሽ ላይ ነው። የቀበሮን ሽታ ለማስወጣት ሦስት ጊዜ ገልብጣዋለች።

በጋው ሲከር፣ ሣሩ ዐመድ ሲመስል፣ ዳለቻ ወለደች። ረዥም ጆሮ፣ ሻካራ ድምፅ ያለው ወንድ ውርንጭላ ነው። ገና ሳይቆም ጡት ፈልጎ አገኘና ይጎትት ጀመር። እውነትም ሆዳም ነው።

ወሬው ተሰማና ጎረቤት ሁሉ ከገደሉ ሥር ተሰበሰበ። ማንም ግን ለመውጣት አልደፈረም። ዳለቻ በዋሻው አፍ ቆመች። ቁልቁል አየቻቸው።

«ጎረቤቶች! ወልጃለሁ። ለአራስ ምን እንደሚደረግ አላውቅም። ማን ማንን ያበላል? ማንስ ምን ያመጣል? የሚያውቅ ይንገረኝ። መሳቅ ያማረው ካለ ደግሞ ይምጣና ከኋላዬ ይቁም።»

የአህያ ኋላ ምን እንዳለው ሁሉም ያውቃል። የሳቀ የለም። ስልቻ ተጭኖ ከፍየል አጠገብ የቆመው ቀበሮ ብቻ አፉን ከፈተ። «በአራስ ቤት ደንቡ እንኳ...»

«አንተ ዝም በል!» ብላ ፍየል በቀንዷ ገፋችው። ከዚያ ወደ ላይ ቀና አለች።  «አራስ ተቀምጣ ትበላለች፣ እታለም። እኛ ነን የምናመጣው። ካንቺ አንዲት ፍሬ አይወጣም። ውኃም ከምንጩ የምንቀዳልሽ እኛ ነን።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«እማሆይ ኤሊን ጠይቂያቸው።»

«እጠይቃለሁ» አለች ዳለቻ።

እማሆይን አስጠራች። እስኪደርሱም ከማንም እጅ ሳትቀምስ ጠበቀች። መጥተው «እውነቷን ነው፣ ልጄ» ሲሏት፣ ያን ጊዜ በላች።

ከዚህ የምንማረው፣ ያላወቁትን መጠየቅ ማንንም እንደማያሳፍር፣ ጎረቤቱ ባለማወቁ ሲዘረፍ እያየ የሚስቅና ዝም የሚል ግን ከዘራፊው ጋር አብሮ እንደዘረፈ ነው።